ከንጉሡ ሥዕል ይልቅ የባለሟሉን እመኑ

ህንድን በገዛው በሙጋል ሥርወ መንግሥት ዘመን በተሣሉ የነገሥታት ሥዕሎች ላይ ንጉሡ ተራ ሰው ሆኖ አይታይም። ከራሱ ጀርባ አክሊለ ብርሃን አለ፣ ከበላዩ ክንፍ ያላቸው ሕፃናት ያንዣብባሉ፣ አንዳንዴም የዓለም ካርታ በተሣለበት ኳስ ላይ ቆሞ ይገኛል። የአማካሪው፣ የወዚሩ (የሚኒስትሩ)፣ የግምጃ ቤት ሹሙ ሥዕል ግን ሌላ ነው። በጠፍጣፋ አረንጓዴ መደብ ላይ አንድ ሰው ለብቻው ቆሟል፤ ሆዱ ገፋ ካለ ገፋ እንዳለ፣ አገጩ ከተደራረበ እንደተደራረበ፣ ከዓይኑ ሥር ያለው እብጠት ሳይቀር ይታያል። ሠዓሊው ንጉሡን ሲሥል ክብሩን ይሥላል፤ ባለሟሉን ሲሥል ግን ያየው ሁሉ «እገሌ ነው» ካላለ ሥራው ከሸፈ ማለት ነው። ለእኔ ሚኒያቸር የሚባለው ትንሽና ደቃቅ የህንድ ሥዕል ከሁሉ የበረታው እዚህ ላይ ነው።

ልማዱን ያስጀመረው አክባር (1556–1605) ነው። የራሱ ወዳጅና አማካሪ የነበረው አቡል ፋዝል እንደጻፈው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ ለሠዓሊ ተቀምጦ ከተሣለ በኋላ የመንግሥቱ ታላላቅ ሰዎች ሁሉ መልካቸው እንዲሣል አዘዘ፤ ከዚያም ትልቅ አልበም ተዘጋጀ። ልጁ ጃሃንጊር (1605–1627) ነገሩን አጠበቀው። በ1613 ወደ ፋርስ መልእክተኛ ሲልክ ቢሻንዳስ የተባለውን ሠዓሊ አብሮ የላከው የፋርሱን ንጉሥ የሻህ አባስንና የሹማምንቱን መልክ ሥሎ እንዲያመጣለት ነበር። መልክን አስመስሎ በመሣል ቢሻንዳስን የሚወዳደር እንደሌለ ንጉሡ በማስታወሻው ጽፏል። በ1618 ደግሞ ኢናያት ካን የተባለ ባለሟሉ በኦፒየምና በመጠጥ ሰውነቱ አልቆ፣ ቆዳና አጥንት ብቻ ቀርቶ ሊሰናበት ቢመጣ ጃሃንጊር ተገረመና ሠዓሊዎቹ እንዲሥሉት አዘዘ። ንድፉ ዛሬ ቦስተን፣ ባለቀለሙ ሥዕል ኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ከትራስ ላይ የተንጋለለው ሰው ጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ንጉሥ እንዲህ ሆኖ ሲሣል ማሰብ አይቻልም።

ልዩነቱን በአንድ ሰው ላይ ማየት የሚፈልግ የማሊክ አምባርን ሥዕሎች ያነጻጽር። ማሊክ አምባር በኢትዮጵያ ምድር ተወልዶ በባርነት ወደ ህንድ የተወሰደ፣ በህንድ ደቡባዊ ክፍል በደካን የአሕመድናጋር ሱልጣኔት ዋና ሚኒስትርና የጦር አዛዥ ሆኖ የሙጋልን ሠራዊት ለዓመታት ያስጨነቀ ሰው ነው፤ በ1626 ሞተ። አቡል ሐሰን በ1616 ገደማ በሣለው፣ ዛሬ ደብሊን ቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት ባለው ሥዕል ጃሃንጊር ኳስ ላይ ቆሞ በጦር ጫፍ በተሰካው የአምባር ራስ ላይ ቀስት ይወረውራል። እንዲህ ያለ ነገር ፈጽሞ አልሆነም፤ ጃሃንጊር አምባርን በሕይወትም በሞትም አልያዘውም። ሃሺም የሣለውና ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው ደግሞ ነጭ ለብሶ በጎን የቆመ፣ ዕድሜ የተጫነው፣ ፊቱ የከበደ አንድ ሹም ያሳያል። ሁለቱም ከዚያው ከሙጋል ግቢ የወጡ ናቸው። የመጀመሪያው የንጉሡን ምኞት ሲያሳይ ሁለተኛው ሰውየውን ያሳያል።

ይህን እውነተኝነት ያመጣው የሠዓሊው ዓይን ብቻ አይደለም። የአሠራሩ ቅደም ተከተል ራሱ ፊቱን ለመጨረሻ እያቆየ፣ ሌላውን ሁሉ ለእሱ እያመቻቸ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ከሥር ጀምሬ እሄዳለሁ።

ወረቀቱና ንድፉ

ሥዕሉ የሚያርፍበት ሉህ ዋስሊ ይባላል። በእጅ የተሠሩ ስስ ወረቀቶች፣ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 የሚሆኑ፣ እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ጠንካራ ሉህ ይሆናሉ። ማጣበቂያው ከስንዴ ዱቄት ወይም ከስታርች በውኃ ተፈልቶ፣ ተጣርቶ፣ ሲበርድ የሚቀባ ነው፤ ነፍሳት እንዳይበሉት ጥቂት መዳብ ሰልፌት ይገባበታል። እያንዳንዱ ሉህ ሲለጠፍ ከመሃል ወደ ዳር በመዳፍ ተገፍቶ አየሩ መውጣት አለበት። እዚህ የቀረች ትንሽ የአየር ኪስ ለጊዜው አትታይም፤ ቀለሙ ተቀብቶ ወረቀቱ በድንጋይ ሲታሽ ግን ቋጥራ ትነሣና ትቀደዳለች። ሉሁ ክብደት ተጭኖበት ቀስ ብሎ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ያሰጣው ሰው የተጣመመ ሉህ ያገኛል፤ የተጣመመ ሉህ ደግሞ እየተሠራበት ይቃና ይሆናል ማለት ከንቱ ነው።

ሲደርቅ በለሰለሰ የአጌት ድንጋይ ይታሻል። ዓላማው የወረቀቱን ቃጫ አስተኝቶ ቀዳዳውን መድፈን ነው። ቃጫው ካልተኛ ቀጭን መስመር ሲሠመር ቀለሙ ወደ ጎን ይሠርጋል፤ በዓይን ሽፋሽፍት ላይ ግማሽ ሚሊሜትር መሥረግ ማለት ሌላ ሰው መሣል ማለት ነው።

ንድፉ በቀጭን ብሩሽ፣ በቀይ አፈር ወይም በጣም በቀጠነ ጥላሸት ይሠመራል። ከዚያ በላዩ ላይ ስስ ነጭ ይቀባበታል፤ የመጀመሪያው መስመር ከሥር ደብዝዞ ይታያል፣ ሠዓሊው የተሳሳተውን እያረመ በጠቆረ መስመር ዳግመኛ ይሥላል። ቀለም የተራገፈባቸው አሮጌ ሥዕሎች ላይ ቀረብ ብሎ የሚያይ ሰው ይህን እርማት ያገኘዋል፦ መጀመሪያ ከፍ ብሎ የነበረ ክንድ፣ ወደ ኋላ የተገፋ ጥምጣም።

መልኩ ከሰውየው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚወሰደው አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቻርባ ይሠራል። ቻርባ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ የሚዳቋ ቆዳ ነው። ንድፉ በላዩ ይገለበጥና መስመሩ በመርፌ ይበሳል፤ በሌላ ወረቀት ላይ አስቀምጠው የከሰል ዱቄት የቋጠረ ጨርቅ ሲመቱበት ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ አልፎ ነጠብጣብ መስመር ይተዋል። ለብቻው የተሣለው ወዚር በትልቅ የችሎት ሥዕል ውስጥ በዚያው የአንገት ማዘንበል፣ በዚያው የአፍንጫ መስመር የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ቆዳው ሊገለበጥ ስለሚችል በአንዱ ሥዕል ወደ ቀኝ ያየው ሰው በሌላው ወደ ግራ ሊያይ ይችላል። ይህ ነጥብ ልብሱን ስንመለከት ተመልሶ ይመጣል።

ቀለም፣ ሙጫ፣ ድንጋይ

ነጩ የእርሳስ ነጭ ነው፤ ጥቁሩ ከዘይት መብራት የሚሰበሰብ ጥላሸት። ሰማያዊው ከአፍጋኒስታን፣ ከባዳክሻን ተራሮች ከሚመጣው ላፒስ ላዙሊ ድንጋይ ወይም ኢንዲጎ ከሚባለው ተክል፣ ደማቅ ቀዩ ከሜርኩሪና ከድኝ ውሕድ፣ ጠቆር ያለው ቀይ ከላክ ነፍሳት፣ ቢጫው የማንጎ ቅጠል ከተመገቡ ላሞች ሽንት ወይም አርሴኒክ ካለበት ማዕድን፣ አረንጓዴው ማላካይት ከሚባለው ማዕድን ወይም ከመዳብ ዝገት ይገኛል። ዛሬ ይህን የሚሠራ ሰው ጭምብል ማድረግ አለበት፤ ብሩሽን በከንፈር የማሾል የድሮ ልማድም እርሳስ፣ ሜርኩሪና አርሴኒክ መዋጥ ስለሆነ ይቅር።

ማዕድን ቀለም ሁሉ በደቀቀ ቁጥር ይሻላል የሚል ሰው ላፒስን አያውቅም። ላፒስ መጠኑን አልፎ ሲደቅ ሰማያዊነቱን ያጣና ግራጫ ይሆናል፤ ማላካይትም እንዲሁ ይገረጣል። ቀዩ የሜርኩሪ ማዕድን በተቃራኒው እየደቀቀ ሲሄድ እየደመቀ ወደ ብርቱካንማ ይጠጋል። ደረጃውን የሚለየው በውኃ ማጠብ ነው፦ ዱቄቱ በውኃ ይበጠበጣል፣ ሸካራው ቶሎ ይዘቅጣል፣ ላይ የቀረው ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣል። ሸካራው ለመደብ፣ የደቀቀው ለልብስና ለጥቃቅን ነገር ይሆናል።

ማያያዣው የግራር ሙጫ ነው። አንድ እጅ የተፈጨ ሙጫ በሁለት እጅ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አድሮ በጨርቅ ይጣራል፤ ከዚያ በቀለሙ ላይ በጠብታ እየተጨመረ ይታሻል። መጠኑን ቁጥር አይነግርም፤ እያንዳንዱ ዱቄት የሚጠጣው ይለያያልና። በዚያው ዋስሊ ቁራጭ ላይ ቀብቶ ማድረቅና በጣት መፈተሽ ነው። ጣት ላይ ዱቄት ከቀረ ሙጫው አንሷል። ደርቆ ካብለጨለጨ ወይም ወረቀቱ ትንሽ ሲታጠፍ ከተሰነጠቀ በዝቷል። ብዙ ጀማሪ ቀለሙ እንዳይለቅ ብሎ ሙጫ ያበዛና ከወራት በኋላ ልብሱ በሙሉ ተሰንጥቆ ያገኘዋል።

ቀለሙ የሚቀባው በስሱ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ተደራርቦ ነው። በየመሃሉ ሥዕሉ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ በለሰለሰ እብነ በረድ ወይም መስተዋት ላይ ይዘረጋና ጀርባው በአጌት ይታሻል። ሚኒያቸሩ ያንን የተወለወለ፣ ብርጭቆ የሚመስል ወለል የሚያገኘው ከዚህ ነው፤ ቫርኒሽ የለበትም። የሚበላሸውም እዚሁ ነው። ውስጡ እርጥብ የሆነ ቀለም እብነ በረዱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ያልደቀቀ ፍንካች ካለ ዙሪያውን ይቧጥጣል። ሙጫ የበዛበት ደግሞ በክፍል ሙቀት እንኳ ይጣበቃል። ከማሸት በፊት ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ሞክሮ ማየት ሙሉ መደብ ከማጣት ያድናል።

ስለ ብሩሹ አንድ ቃል ብቻ፦ «ባለ አንድ ፀጉር ብሩሽ» የሚባለው ለጎብኚ የሚነገር ወሬ ነው። አንድ ፀጉር ቀለም አይሸከምም። ብሩሹ ከሽኮኮ ጅራት በተወሰደ ብዙ ፀጉር ተሠርቶ በእርግብ ላባ ዘንግ ውስጥ ይገባል፤ ጫፉ ብቻ ወደ አንድ ፀጉር ይሾላል። ሆዱ ቀለም ይይዛል፣ ጫፉ መስመር ያወጣል።

ነጩ ልብስና ፊቱ

የባለሟሉ ልብስ ጃማ ነው፦ ከላይ ከሰውነት የሚጣበቅ፣ ከወገብ በታች የሚሰፋ፣ ብብት ሥር በክር የሚታሰር ቀሚስ። በበጋ የሚለበሰው ስስ ነጭ ጥጥ ስለሆነ ክንዱና ሱሪው በውስጡ ያልፋል። ይህን ለመሣል ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ሰውነቱና ባለቀለሙ ሱሪ ልብስ እንደሌለ ተደርገው ተሥለው ይጨርሳሉ፣ ይታሻሉ። ከዚያ በውኃ የቀጠነ የእርሳስ ነጭ አንዴ ብቻ ያልፍባቸዋል። ሲደርቅ ጨርቁ የተደራረበበት ቦታ፣ የጃማው ጠርዝ፣ የክርን እጥፋት ላይ ብቻ ወፈር ባለ ነጭ ቀጭን መስመር ይጨመራል። ነጩን ከመጀመሪያው አወፍሮ የቀባ ሰው መመለሻ የለውም፤ ለማንሣት እርጥብ ብሩሽ ቢያስጠጋ ከሥር ያለውን የቆዳ ቀለም አብሮ ያነሣዋል። ጨርቁ ስስ መሆኑን ዓይን የሚያምነው ከጠርዙ ነው። መሃሉ የቱንም ያህል ቢያምር ጠርዙ ካልነጣ ልብሱ ጭጋግ ይመስላል።

ዕንቁና ወርቅ ከልብሱ ቀጥሎ ይመጣሉ። የወርቅ ቅጠል ከማር ወይም ከሙጫ ጋር በጣት ሳህን ላይ ተሽቶ ይደቅቃል፣ በውኃ ታጥቦ እንዲዘቅጥ ይተዋል፣ ውኃው ይፈስሳል፤ ይህ ይደጋገማል። ማሩ በደንብ ካልታጠበ ወርቁ አቧራ ይይዛል፣ ሲታሽም አያበራም። ከደረቀ በኋላ በሾለ አጌት ይወለወላል፤ አንዳንዴ በደነዘዘ መርፌ ነጥብ በነጥብ ይጠቀጠቅና ብርሃኑ ይሰባበራል። ሉል የሚሠራው ከወፍራም የእርሳስ ነጭ ነው፤ አንዲት ጠብታ ወረቀቱ ላይ ተቀምጣ ጉብ እንዳለች ትደርቃለች። ከወለሉ ከፍ ስለምትል ከሁሉ ቀድማ የምትረግፈውም እሷ ናት። በጥንታዊ ሥዕል አንገት ላይ ክብ ክብ ባዶ ነጥብ ካያችሁ በዚያ ሉል ነበረ። በሰሜን ኮረብታዎች በባሶህሊ ሠዓሊዎች አረንጓዴውን ዕንቁ ከጢንዚዛ ክንፍ ቆርጠው ይለጥፉ ነበር።

ፊቱ የመጨረሻው ነው። በአክባር የሥዕል ቤት አንዱ ንድፉን፣ ሌላው ቀለሙን፣ ሦስተኛው ፊቱን ብቻ የሚሠራበት ጊዜ ነበር፤ ስማቸውን የቤተ መጻሕፍቱ ጸሐፊዎች ከሥዕሉ ግርጌ መዝግበውታል። በጃሃንጊር ጊዜ አንድ ሠዓሊ ሙሉ ሥዕሉን መሥራቱ ተለመደ። ንጉሡም አንድን ፊት አንድ ሠዓሊ ሠርቶት ዓይኑንና ቅንድቡን ሌላ ቢሥለው እለየዋለሁ ብሎ ይመካል።

የቆዳው መሠረት ነጭ፣ ቢጫ አፈርና ጥቂት ቀይ ነው። የጎን መስመሩ በጥቁር አይሠመርም፤ በቀላ ቡናማ፣ ከቆዳው አንድ ደረጃ ብቻ በጠቆረ። አገጭና አንገት ላይ ጥቁር መስመር ያደረገ ሰው ፊቱን ከሌላ ወረቀት ቆርጦ የለጠፈው ይመስላል። ጥላው የሚመጣው ፓርዳዝ በሚባለው አሠራር ነው፦ ብሩሹ ደረቅ ከመባል ጥቂት በረጠበ ቀለም፣ እጅግ በጣም ጥቃቅን ጭረትና ነጠብጣብ በፊቱ ቅርጽ አቅጣጫ ይደረደራሉ፤ ጉንጭ ላይ ክብ ይዞራሉ፣ ግንባር ላይ ይተኛሉ፣ ከዓይን ሥር ወደ አፍንጫ ይሰበሰባሉ። አንድ ጭረት ሳይደርቅ ሁለተኛውን ከደረቡበት ሁለቱ ተዋሕደው ቆሻሻ የመሰለ እድፍ ይሆናሉ። ስለዚህ ሠዓሊ አንድ ጉንጭ ላይ አይቆይም፤ ከጉንጭ ወደ ጆሮ፣ ከጆሮ ወደ አንገት እየዞረ የመጀመሪያው ሲደርቅ ይመለሳል።

እንደ ማሊክ አምባር ላለ ጠቆር ያለ ፊት ጥላውን በጥቁር ማውጣት ትልቁ ስሕተት ነው። ጥቁር ሲደራረብ አፍንጫውና ከንፈሩ ይጠፉና ድፍን ጥላ ይቀራል። ሞቅ ያለ ቡናማ መሠረት ተቀብቶ ጥላው በወይን ጠጅማ ቡናማ፣ ብርሃኑም በብጫማ ቀለም ነጠብጣብ ይወጣል። በሌላው የደካን ሱልጣኔት በቢጃፑር የሠሩ ሠዓሊዎች ይህን በደንብ ያውቁ ነበር። የሱልጣን ሙሐመድ አዲል ሻህ (1627–1656) ኃያል ሚኒስትር የነበረው ሐበሻው ኢኽላስ ካን ተደጋግሞ ተሥሏል። በ1645 ገደማ ሃይዳር አሊና ኢብራሂም ካን በሣሉት ከጌታው ጋር በአንድ ዝሆን ላይ ተቀምጧል፤ ሳን ዲዬጎ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ባለው ደግሞ አቤቱታ የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ቆሟል። በሁለቱም የፊቱ ጥቁረት ውስጥ መንጋጋውና ጉንጩ በግልጽ ይለያሉ።

ጢም ከሥር በግራጫ ይታጠባል፣ ከዚያ ጥቁሩ ፀጉር፣ በመጨረሻ ሽበቱ አንድ በአንድ በነጭ ይወጣል። ዓይን ከሁሉ በኋላ ነው። ነጩ ክፍል ንጹሕ ነጭ ከሆነ ሰውየው ያፈጠጠ ይመስላል፤ ጥቂት ቡናማ ይነካዋል። የላይኛው ሽፋን መስመር ከታችኛው ይወፍራል። በጎን ፊት ላይ ብሌኑ ሙሉ ክብ ሆኖ ከተሣለ ዓይኑ ወደ እኛ ይዞርና ፊትና ዓይን ይጣላሉ፤ ከፊቱ ጋር የሚሄደው ጠበብ ያለ፣ ወደ ፊት የተገፋ ብሌን ነው።

ሹመቱን ከልብሱ ማንበብ

የቆመ ባለሟል አቋሙ የታወቀ ነው፦ ፊቱ ሙሉ በሙሉ በጎን፣ ደረቱ በከፊል ወደ ተመልካች የዞረ፣ ሁለቱም እግሮች ወደ አንድ አቅጣጫ። በአክባር ጊዜ ፊት በከፊል ዞሮ መሣል ብዙ ነበር፤ ከጃሃንጊር ጀምሮ የጎን ፊት ደንብ ሆነ። አክሊለ ብርሃን ከባለሟል ራስ ጀርባ አይገኝም። እጆቹ እርስ በርስ ተያይዘው ወይም ረጅም በትር ተደግፈው ከሆነ ሰውየው በንጉሥ ፊት ቆሟል ማለት ነው፤ ንጉሡ በሥዕሉ ውስጥ ባይኖርም። ወረቀት፣ የቀለምና የብዕር መያዣ ወይም መቁጠሪያ የያዘ እጅ የጽሕፈት ሰው ነው፤ በመቀነቱ የተሻጠ ጩቤ ግን ለጸሐፊም ለጦር ሰውም ስለነበር ብዙ አይናገርም።

ሃይማኖቱን የሚነግረው የጃማው ማሰሪያ ነው። ሙስሊሞች በቀኝ ብብታቸው ሥር፣ ሂንዱዎች በግራ ያስራሉ፤ ቀኝና ግራ የለባሹ መሆኑን ልብ በሉ። አሁን ወደ ቻርባው እንመለስ፦ ንድፉን ገልብጦ የቀዳ ሠዓሊ ማሰሪያውንም አብሮ ይገለብጠዋል። ጠንቃቃው ያርመዋል፣ ግድ የለሹ ሙስሊሙን ወዚር ሂንዱ አድርጎ ይተወዋል። ኢንተርኔት ላይ ተገልብጦ የተለጠፈ ፎቶም ያንኑ ያደርጋል፤ ስለዚህ በገጹ ላይ ያለው የፋርስ ጽሑፍ በትክክል መነበቡን ሳታረጋግጡ ስለ ማሰሪያው አትፍረዱ።

ዘመኑን ለማወቅ ጆሮውን ማየት ይጠቅማል። ጃሃንጊር በ1614 ለሙስሊሞች ቅዱስ ሰው ለኽዋጃ ሙኢኑዲን ቺሽቲ ባለው ፍቅር ጆሮውን በስቶ ሉል አደረገ፤ ባለሟሎቹም ተከተሉት። ከዚያ በፊት ተሣለ የሚባል የሙጋል ሙስሊም ሹም በጆሮው ሉል ካለ ቀኑ መጠርጠር አለበት። ጫፉ በአራት በስድስት ሹል ማዕዘን የሚወርድ ጃማ የአክባር ዘመን ፋሽን ነው። ጃሃንጊር ሪዙን ብቻ ትቶ ይላጭ ነበር፤ ልጁ ሻህ ጃሃን (1628–1658) ጢም ነበረው፣ ግቢውም ጢማም ሆነ። በመቀነት ጫፍ ላይ በሥርዓት የተደረደሩ ባለ ግንድ አበቦች ከታዩ ደግሞ ሻህ ጃሃን ዘመን ውስጥ ናችሁ።

ቅጂና ጉዳት

የተጠናቀቀው ሥዕል ወደ አልበም ይገባል፦ ዙሪያውን የቀለምና የወርቅ መስመር ይሠመርለታል፣ ሰፊ ያጌጠ ኅዳግ ይደረግለታል፣ በጀርባው የፋርስ የቁም ጽሕፈት ይለጠፋል። በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኘው የኬቮርኪያን አልበም ገጽ 39 በ26 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሥዕሉ ራሱ ከዚያ በጣም ያንሳል። በዚሁ አልበም ውስጥ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎችና በ19ኛው መጀመሪያ የተሠሩ ቅጂዎች ተደባልቀው ይገኛሉ። ስለዚህ ከታወቀ አልበም መገኘቱ ብቻ ዕድሜውን አይመሰክርም፤ የሠዓሊ ስም መጻፉም እንዲሁ፣ በኋላ ዘመን ባለቤቶች የታላላቆቹን ስም እየጨመሩ ጽፈዋልና። የእንግሊዙ መልእክተኛ ቶማስ ሮ እንኳ የራሱ የሆነች አንዲት ትንሽ ሥዕል በጃሃንጊር ሠዓሊዎች ተቀድታ ከቅጂዎቿ ጋር ስትቀርብለት ለመለየት ተቸግሯል።

ቅጂን የሚያጋልጠው ብዙ ጊዜ ፊቱ አይደለም፤ ቀጂው ፊቱ ላይ ይጠነቀቃል። መቀነቱን ተከተሉ። ዋናው ሠዓሊ መቀነት ሲታሰር አይቷል፤ ጨርቁ ዞሮ የት እንደሚገባ፣ የት እንደሚወጣ ያውቃል። ቀጂው መስመር ብቻ ስለሚቀዳ አንደኛው ጫፍ ከየትም ሳይመጣ ይንጠለጠላል። ጥምጣሙም ላይ እንዲሁ ነው፦ አንዱ ጥቅልል በሌላው ሥር ገብቶ መውጫው ይጠፋል። ጩቤው መቀነቱ ውስጥ ሳይሻጥ ሆዱ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። የላቦራቶሪ ምርመራ ከተገኘ ነገሩ ያጥራል፤ ፕሩሺያን ሰማያዊ የተገኘው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ሰው ሠራሹ አልትራማሪን በ1820ዎቹ ስለሆነ በጃሃንጊር ዘመን ሥዕል ላይ ሲገኙ ወይ ሥዕሉ ቅጂ ነው ወይ ቦታው በኋላ ተነካክቷል።

ጉዳትን ግን ከቅጂ ምልክት ጋር ማምታታት የለብንም። የጠቆረ ጉንጭ ወይም በነጭ ልብስ ላይ የወጣ ጥቁር ደመና የእርሳስ ነጭ በአየር ካለ ድኝ ጋር ተዋሕዶ የሚያመጣው ነው፤ የሰለጠነ ጠጋኝ አንዳንዴ ሊመልሰው ይችላል፣ ቤት ውስጥ የሚሞከር ግን አይደለም። ከመዳብ ዝገት የተሠራው አረንጓዴ ወረቀቱን ያቃጥላል፤ በሥዕሉ ዙሪያ አረንጓዴ መስመር ከተሠመረ ወረቀቱ በዚያው መስመር ቡናማ ሆኖ ይሰነጠቅና ሥዕሉ ከገጹ ተቆርጦ እንደወጣ ሊወድቅ ይችላል። የላክ ቀይ በብርሃን ስለሚለቅ ከንፈሩ የገረጣ ወዚር ሲሣል እንዲያ አልነበረም። ሙዚየሞች ብርሃኑን ወደ 50 ሉክስ አውርደው ሥዕሉን ለጥቂት ወራት ብቻ አሳይተው ወደ ጨለማ የሚመልሱት ለዚህ ነው።

በእጁ እንዲህ ያለ ገጽ ያለው ሰው መስተዋቱ ሥዕሉን እንዳይነካ በወፍራም ካርቶን ኅዳግ ያርቀው፤ የረገፈ ሉል ከመስተዋቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራልና። ከሙዚየም ድረ ገጽ ላይ የሚያይ ደግሞ የጀርባውን ፎቶ ይፈልግ፤ የቁም ጽሕፈቱ፣ ማኅተሙና የገጽ ቁጥሩ ሥዕሉ ከየትኛው አልበም እንደተነቀለ ብዙ ጊዜ የሚናገሩት እዚያ ነው።